የተቀበረው ሻይ

«ይኼውልሽ መርዝሽ!»

እትዬ ጥሩሸዋ በእጃቸው የያዙትን ነገር ሰሚያ እግር ሥር ወረወሩት። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ፣ ጭቃ የለበሰች የሻይ ከረጢት ነች። ነጭ ክሯ እንደተንጠለጠለ ነው።

ሰሚያ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ጭቃውን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ክሩ ጫፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ። ኮከብ በሩን ተደግፋ ታያታለች። ሰሚያ የደነገጠችው የእትዬ ጥሩሸዋ በግ ስለሞተች አልነበረም፤ ከረጢቷ ከመሬት ስለወጣች ነበር። ግቢውን የሞላው ጎረቤት ሁሉ ይኼን አየ፤ ነገሩም ባሰበት።

«ማን ነው ያወጣት?» አለች ሰሚያ። «ገና ጊዜዋ አልደረሰም እኮ! ማን ነው የነካት?»

«ስሙልኝ! የእኔ እርጉዝ በግ ሞታ እሷ ስለ ከረጢቷ ትጠይቀኛለች!» እትዬ ጥሩሸዋ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ልጄ ከአፏ ነው የመዘዘቻት። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ዓይኗ እያየ ነው የሞተችው።»

«ሻይ እኮ ነው። ሻይ በግ አይገድልም። እናንተስ በቀን ስንት ጊዜ ትጠጡ የለም እንዴ?»

«እኛ የተቀበረ አንጠጣም!»

አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፉን ያዘ። የሚሳቅበት ቀን አልነበረም። የኮከብ አባት ኃይለመስቀል መሐል ገብቶ እጆቹን ዘረጋ። መሬቱ የእሱ፣ ተከራይዋም የእሱ ስለሆነች ነገሩ መጨረሻው እሱ ራስ ላይ እንደሚያርፍ ገብቶታል።

«ጥሩሸዋ፣ እስቲ ረጋ በይ። የማገጥ ሣር በልታ እንዳይሆን? ጤዛ ያለበት ማገጥ የበላች በግ እኮ ትነፋለች።»

«ምን አልክ? እርጥብ ማገጥ በግ እንደሚነፋ በዚህ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ልጄ በጎቹን ደረቁ ተረተር ላይ ነው ያሰማራቻቸው። ንገሪያቸው እስቲ!»

እናቷ ጀርባ የቆመችው እስከዳር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ከኮከብ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ዘጠነኛ ክፍል የደረሱ ጓደኛሞች ናቸው። ኮከብ ዓይኗን ፈለገች። እስከዳር መሬት መሬት ታያለች።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ይቀመጣል» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «ወይ ይቺ ቆለኛ የቀበረችውን ሁሉ ቆፍራ ይዛ ትሂድ፣ ወይ ደግሞ ኃይለመስቀል፣ ለአጨዳው እኛን አትጠብቅ። ወንፈልህን ሌላ ቦታ ፈልግ!»

አባቷ ፊቱ አመድ መሰለ። ገብሱ ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውታል። በወንፈል ጎረቤት ለጎረቤት እየተራዳ ካልታጨደ፣ አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ማሳ ሳይረግፍ አይጨርሰውም። ሰዉ ተበትኖ ግቢው ጭር ሲል ሰሚያን እያየ «ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር!» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

እውነቱን ለመናገር ኮከብም ሰሚያን አትወዳትም።

ሰሚያ የሁለተኛ ዲግሪዋን ጥናት ልትሠራ ከሸዋ ሮቢት ወደዚህ ደጋ፣ ወደ ቀየት የመጣችው በክረምቱ ነው። የኮከብን ክፍል ተከራየች፤ ኮከብም ከታናናሾቿ ጋር ተደራርባ መተኛት ጀመረች። ክፍሉ በአፈር ጣሳ ተሞላ። ሰሚያ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ «ይኼ ብርድ ሰው ይኖርበታል?» እያለች ታማርራለች። ጣሳዎቿን የነካባት ሰው ደግሞ ወዮለት! አንድ ቀን ኮከብ አንዱን ስታነሳባት «እጅሽን ታጥበሻል? አስቀምጪው!» ብላ እንደ ሕፃን ጮኸችባት። በገዛ ክፍሏ!

ከአገሩ ጋር የተጣላችው ግን በመጣች በሳምንቷ ነው። እዚህ አገር መሬት ሲደክም ገለባና ኩበት ከሥሩ አድርገው አፈሩን ይከምሩና ያቃጥሉታል። የተቃጠለ አፈር ላይ የተዘራ ገብስ በመጀመሪያው ዓመት ሰው ይውጣል። አባት ከአያት የተማረው ይኼንኑ ነው። ሰሚያ ለዕድር የተሰበሰበው ሰው ፊት ቆማ «አፈሩን ስታቃጥሉ የሚያበላችሁን ነው የምትጠብሱት» አለች። ገብስ ታጭዶ አይታ የማታውቅ የቆላ ልጅ! ያን ቀን ሰዉ ሳይሰናበታት ተበተነ።

ኮከብ ከረጢቶቹን አብራት የቀበረችው አባቷ «እርጃት» ብሎ ስላዘዛት ብቻ ነው። ግማሹን በተቃጠለው መሬት፣ ግማሹን ባልተቃጠለው ቀበሩ። እስከዳርም ዳር ቆማ ቪዲዮ ትቀርጽ ነበር።

«ሻይ ለምን ይቀበራል?» ብላ ጠይቃት ነበር ኮከብ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና።

«አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ሻዩን ይበሉታል። መሬት ላይ የወደቀውን ሁሉ እየበሉ ለገብሱ ምግብ የሚያደርጉለት እነሱ ናቸው። ከረጢቷን አውጥቼ ስመዝናት ምን ያህል እንደበሉ አውቃለሁ። ካልበሉ እሳቱ ገድሏቸዋል።»

«እሳቱ ካልገደላቸውስ?»

«ካልገደላቸውማ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች ሰሚያ ቀና ሳትል። «የሚቀበረውስ ለዚህ አይደል?»

ኮከብ ያን መልስ ወደደችው። ሰሚያን ግን አልወደደቻትም። ሁለቱ ይለያያሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከረጢቶቹ ሲወጡ ማየት ትፈልጋለች፤ አባቷ ልክ ይሁን ሰሚያ ልክ ትሁን ማወቅ ትፈልጋለች። በመንገዱ የሚያልፉ ልጆች ለምልክት የተተከሉትን እንጨቶች እየነቀሉ ስላስቸገሩ ሰሚያ ሁሉንም አንስታቸዋለች። አሁን ከረጢቶቹ የት እንዳሉ የሚያውቁት ሰሚያና ኮከብ ብቻ ናቸው። በመንገዱ በኩል ወሰን ድንጋዩ ሥር ያለችውን አንዲቷን ግን ማንም በቀላሉ ሊያስታውሳት ይችላል።

እስከዳርም አስታውሳት ነበር።

ኮከብ ጓዳ ገብታ ስልኳን አወጣች። ቴሌግራሙን ስትከፍት ጠዋት የተላከላት ፎቶ አለ። እስከዳር ጥርሷን ፈገግ አድርጋ፣ ሐምራዊ አበባ ያወጣ ማገጥ ጉልበቷን እየነካት፣ ጤዛው በፀሐይ እያብለጨለጨ። ከኋላዋ በጎቹ አንገታቸውን ቀብረው ይበላሉ። ከሥሩ «ጀለስ፣ አሪፍ አልወጣሁም?» ይላል። ኮከብ ጠዋት ልብ ልካላት ነበር። አሁን ስታየው ዓይኗ በጎቹ ላይ ቀረ።

ጀሪካን አንጠልጥላ ወደ ምንጩ ወረደች። እስከዳርም እዚያው ነበረች። ብቻዋን ናት።

«ማገጡ ውስጥ ነበራችሁ» አለች ኮከብ።

እስከዳር ጀሪካኗን ከውኃው ሥር ሳታነሳ «ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አለች።

«ከረጢቷን ከወሰን ድንጋዩ ሥር ቆፍረሽ ያወጣሻት አንቺ ነሽ።»

«እና? በጓ ስትነፋ ምን ላድርግ? ተረተር ላይ ነበርኩ ብል የሚያምነኝ የለ፣ ማገጥ ውስጥ ነበርኩ ብል እናቴ ትገድለኛለች። በግ እየጠበቅሽ ስልክ ስትጎረጉሪ ካየሁሽ ትምህርቱ አበቃ ብላኛለች። እሷ አበቃ ካለች አበቃ ነው። እህቴን አላየሻትም?»

ኮከብ አይታታለች። የእስከዳር ታላቅ እህት ጌታነሽ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ከገባች ሁለት ፋሲካ አልፏል። ስትመጣ እጇ በበረኪና ተላልጦ ነበር።

«ሰሚያ ግን ምን አደረገችሽ?»

«አቦ አትፎግሪኝ! አንቺስ ትወጃታለሽ? ስንቴ ነው አብረን ሙድ የያዝንባት? ያን ጋቢዋን ደርባ ስትሄድ እያየን የሞትንበትን ረሳሽው?» እስከዳር ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «እሷ ሌላ ቦታ ሄዳ ትቀብራለች። እኔ ሌላ ትምህርት ቤት የለኝም።»

ኮከብ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ «ነገ ሽማግሌ ለሚቀመጡት ለአያ በኃይሉ ብቻ እንንገራቸው። እሳቸው እናትሽን ያለዝቡልሻል። አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«እናቴን የሚያለዝብ ሰው ገና አልተፈጠረም።» እስከዳር ጀሪካኑን አወጣችና ቀና ብላ አየቻት። «ፎቶውን ለሰው አሳይተሻል?»

«አላሳየሁም።»

«በይ አጥፊው።»

ኮከብ ስልኳን አላወጣችም። እስከዳር ጀሪካኗን ጀርባዋ ላይ አዘለች፤ እንደወትሮው «ነይ እንሂድ» አላለቻትም። ዳገቱን ብቻዋን ወጣች።

እራት ከቀረበ በኋላ ኮከብ የሰሚያን ድርሻ ይዛላት ገባች። ሰሚያ አልጋው ላይ ተቀምጣ ያቺን ከረጢት እያገላበጠች ታያለች።

«በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ገባ።»

ኮከብ ዘጋችው። «ከረጢቶቹ ከወጡ ምን ትሆኛለሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ዓመቱ ይቃጠላል። ዩኒቨርሲቲው ሌላ ዓመት አይሰጠኝም። ወደ አባቴ ሱቅ ተመልሼ ጨርቅ እየለካሁ እሸጣለሁ። ደስ ይበላችሁ።»

«እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም! አንቺ ምንም አታደርጊም። የዚህ አገር ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ያያል፣ ያውቃል፣ ዝም ይላል።» ሰሚያ ከረጢቷን አነሳቻት። «ይቺን ተመልከቻት፤ አንድ የጥርስ ምልክት የላትም። ዶማ የነካት ናት። ይኼን ለማን ልንገር? ማን ይሰማኛል?»

ኮከብ ሳህኑን ጣሳዎቹ መሐል አስቀምጣ ወጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ ንዴቷ ገነፈለ። ለዚች ብዬ ነው ጓደኛዬን የማጣው? ለዚች ለተናካሽ? ፎቶውን ራሷ ልታጠፋው ስልኳን ከፈተች።

ፎቶው የለም። እስከዳር ከሁለቱም ወገን አጥፍታዋለች። ከሥሩ ያለው ጽሑፍም የለም። የኮከብ ልብም አብሮ ተሰርዟል።

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። እንግዲህ ማስረጃ የለኝም፣ የማሳየው ነገር የለም፣ ከእኔ ወርዷል አለች በልቧ። ትንሽ ቆይቶ ግን በራሷ አፈረች። ያየችውን እንደሆነ አይታዋለች፤ ከዓይኗ የሚያጠፋላት የለም።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ የኃይለመስቀል ማሳ ዳር ተሰበሰበ። አያ በኃይሉ ምርኩዛቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ዙሪያቸውን ቆሙ። ከቤት ሲወጡ አባቷ ኮከብን «ምንም እንዳትናገሪ። ዝም አይነቅዝም» ብሏታል።

«ልጄ» አሉ አያ በኃይሉ ሰሚያን። «ሰው ካንቺ ጋር መጣላት አይፈልግም። የቀበርሽበትን አሳዪንና በሰላም ሂጂ።»

«አላሳይም።»

«አላሳይም? የሰው መሬት ላይ ቆመሽ?»

«ኃይለመስቀል ፈቅዶልኝ ነው የቀበርኩት። እሱ በቃ ይበለኝ፤ ያኔም ቢሆን ራሴ አላወጣውም። የገዛ ድካሜን በእጄ አልቆፍርም።»

ሰዉ አጉረመረመ። «አቤት ምላስ!» «ቆለኛ ሲያንሳት ነው!» ሁለት ጎረምሶች ገብተው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቁ። አያ በኃይሉ ምርኩዛቸውን አነሱ። «የቆመ ገብስ አይረገጥም። ነውር ነው።» እሱን የሚከራከር አልነበረም።

«ኮከብ ታውቃለች» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «አብራት ስትቀብር ነበር። በቦዩ በቦዩ ገብታ ገብሱን ሳትነካ ታወጣዋለች።»

ሁሉም ወደ ኮከብ ዞረ። አባቷ ዶማውን አቀበላት። ዓይኑ እባክሽ ይላታል። ከእሱ ይልቅ የከበዳት ግን ዶማው ነው። ሰሚያን አየቻት፤ ሰሚያ ጋቢዋን ጠቅልላ ወደ ሌላ ትመለከታለች፤ ከኮከብ ምንም አትጠብቅም። እስከዳርን አየቻት። እስከዳር አልለመነቻትም። አገጯን አንስታ፣ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እስቲ ሞክሪ በሚል ዓይን ነው ያየቻት።

«አያ በኃይሉ» አለች ኮከብ። ድምፅዋ ቀጠነባት። «በጓ ከረጢት አልበላችም። ማገጥ ነው የነፋት።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እስከዳር ፎቶ ልካልኝ ነበር። በጎቹ ማገጥ ውስጥ ነበሩ። ጤዛው እንኳ ይታይ ነበር።»

«የታለ ፎቶው?» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ ወደፊት እየመጡ። «አምጪዋ!»

«የለም። ጠፍቷል።»

«የለም! ሰማችሁ? የለም!» እትዬ ጥሩሸዋ እጃቸውን አጨበጨቡ። ከኋላ አንድ ሰው «ለቆለኛ ብላ ጓደኛዋን ሸጠች!» አለ፤ ሌላው «አባትየው አስጠንቷት ነው» ብሎ ጨመረበት። የአባቷ ጆሮ ሲቀላ ኮከብ አየች። ከቆመችበት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ውሸታም ናት!» አለች እስከዳር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት። «ሼም አይዝሽም? ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም!»

አያ በኃይሉ እስከዳርን አተኩረው አዩዋት። «ነይ ልጄ። በጎቹን የት አሰማራሽ?»

«ተረተሩ ላይ።»

«ማርያምን በይ።»

እስከዳር አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። እናትየው ክንዷን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቷት። «ልጄን በሻይ ቅጠል ምክንያት አታስምሉብኝም! እንሂድ!» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ እየሄዱም የሚያዩት የልጃቸውን ፊት ነው። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ወደ እስከዳር ስልክ ተዘረጋ። ኮከብ ይኼን አየች። ጌታነሽ የተላላጠ እጇን ይዛ ፊቷ ድቅን አለችባት።

«እንግዲህ» አሉ አያ በኃይሉ ተነሥተው ልብሳቸውን እያራገፉ። «ልጅት፣ ትቆፍሪያለሽ ወይስ አትቆፍሪም?»

«አልቆፍርም።»

«ካልቆፈርሽ የሚቆፍር የለም። ገብሱ እስኪታጨድ ነገሩ ይደር።»

ሰዉ ሄደ። አንዳንዱ አባቷን ገላምጦት፣ አንዳንዱ እንዳላየው ሆኖ። የእትዬ ጥሩሸዋ ወንድም ብቻ ቆም ብሎ «ወንፈሉን እርሳው» አለና ተከተላቸው። ማሳው ዳር ሦስት ሰዎች ቀሩ።

«መቼ አየሽው?» አለች ሰሚያ። ኮከብ ዞር አለች። «ፎቶውን እያልኩሽ ነው። ትናንት ማታ እራት ስታመጪልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ዝም አልሽኝ!»

«አንቺም አልጠየቅሽኝም፤ ሰደብሽኝ እንጂ።»

ሰሚያ ጋቢዋን አጥብቃ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ኮከብም አልጠበቀችም። ለሰሚያ ብላ እንዳልተናገረች ራሷም ታውቀዋለች።

አባቷ አሁንም ገብሱን ያያል። ነፋሱ ሲመጣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ይተኛና ይነሣል። ይኼ ጥሩ ገብስ ነበር፤ ሁለት ዓመት የታሰበበት።

«ይኼን ሁሉ ማን ሊያጭደው ነው?» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ደክሞታል።

ኮከብ መልስ ከመስጠቷ በፊት ነገን አሰበች። ነገ ሰኞ ነው። እስከዳር ከመጣች አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። መምህሩን ቦታ ቀይሩልኝ ብላ እንደማትጠይቅ ወሰነች። ካልመጣች ደግሞ ከአያ በኃይሉ ጋር እናትየው ደጅ ሄዳ ትቆማለች። ቢያባርሯትም።

ዶማውን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ዛሬ እሑድ ነው፣ ማጭድ አይሳልም» አለችው አባቷን። «ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ እስለዋለሁ።»